የነነዌ ረቡዕ ዝረራ

አቶ ሀይሉ እንደሚሉት፣ ልጃቸው ምሥጋናው በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ በግራው አታለለና በቀኙ የፍቅረ ሥላሴን አገጭ አገኘው፤ ፍቅረ ሥላሴም እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሳይንገዳገድ ወደቀ። ዝረራ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ፍቅረ ሥላሴን ያሠለጠኑት ሃምሳ አለቃ መልከ ጼዴቅ እንደሚሉት ደግሞ፣ ፍቅረ ሥላሴ ዓይኑ ነጭ ብቻ ሆኖ ጉልበቱ የከዳው ምሥጋናው ቡጢውን ሳያሳርፍ በፊት ነው፤ የወደቀው ራሱን ስቶ እንጂ ተመትቶ አይደለም፤ ቡጢውም ያገኘው አየር ነው። ሁለቱም በቦታው ነበሩ። ሃምሳ አለቃ በዳኝነት ሪንጉ ውስጥ ከልጆቹ በስተግራ ቆመው ነበር፤ አቶ ሀይሉ ደወሉን ይዘው ከገመዱ ውጭ በስተቀኝ። ሁለቱም አይተናል ብለው ይምላሉ፤ ሁለቱም ደግሞ በከንቱ የሚምሉ ሰዎች አልነበሩም።

የደባርቅ የቦክስ ክለብ የመራጭ ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው፤ ሦስተኛው መምህር ይታያል በዚያን ሰዓት ዳባት ነበር። እናቱን ሆዷን ስላመማት ረቡዕ ጠዋት በሚኒባስ ወርዶ ማታ ነው የተመለሰው። የአጎቱን የአቶ ሀይሉን ቃል ማታውኑ በር ላይ ቆሞ ሰማ፤ የሃምሳ አለቃን ቃል ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ በስልክ። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ አንዱን ሲያነሣ ሌላው አይወድቅለትም። ነገሩ የወሬ ነገር ቢሆን ኖሮ ይተወው ነበር። ግን ክለቡ ጎንደር ለሚደረገው ሻምፒዮና በከባድ ሚዛን የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ ክለቦችም ልጅ የሚመርጡት ከዚያ ነው። ራሱን ስቶ ከሆነ የረቡዑ ግጥሚያ አይቆጠርም፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ፍቅረ ሥላሴ ስለሆነ የሚሄደው እሱ ነው። ዝረራ ከሆነ ግን በዝረራ የወደቀ ቦክሰኛ አንድ ወር ሪንግ አይገባም፤ ሕጉ ነው። ምሥጋናው ይሄዳል። ስሙ ደግሞ ዛሬ፣ ቢሮ ሳይዘጋ፣ በስልክ ጎንደር መድረስ አለበት።

የሚኖርባት ክፍል ከአጎቱ መጋዘን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ናት። ይታያል የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ሆኖ ደባርቅ ሲመደብ፣ አቶ ሀይሉ «የእህቴ ልጅ የሰው ቤት አይከራይም» ብለው ቁልፉን ሰጡት። እንዲህ ያለች ክፍል ዛሬ በከተማው ሦስት ሺህ ብር ይጠየቅባታል፤ እሱ አምስት ሳንቲም ከፍሎ አያውቅም። ክለቡም ያው ነው። ሲሚንቶውና ቆርቆሮው ወደ አንድ ጥግ ተገፍቶ፣ በቀረው ቦታ ገመድ ተወጥሮ፣ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ከወራጁ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አቶ ሀይሉ ከአዲስ አበባ ባስመጡት ጓንት ልጆቹ ይማታሉ። ቦክስን ከእሳቸው በላይ የሚወድ ሰው በደባርቅ የለም። ይታያል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ዳባት ቤት ዘግቶ በተኛ ጊዜ፣ በሩን አንኳኩተው ገብተው ስለ መሐመድ አሊ ግማሽ ቀን ያወሩለት እሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ዓመት አለፈ። ያንን አይረሳም።

ቁርስ ቀረበ። ጾመ ነነዌ ትናንት ተፈቷል፤ ዛሬ ፍስክ ስለሆነ ከማድ ቤት የሚቁላላ ሽንኩርትና የሥጋ ሽታ ይመጣል። የአጎቱ ሚስት እትዬ ስመኝ ሻይ ቀዱለትና ስኳሩን ሳያቀርቡለት ተመለሱ። ጾም በተፈታ ማግስት ወትሮ የሚቀልዱ ሴት ናቸው፤ ዛሬ ግን ዓይናቸው መሬት መሬቱን ነው።

«ምሥጋናውስ?» አለ ይታያል።

«ራሴን አመመኝ ብሎ ተኝቷል» አሉ እትዬ ስመኝ።

«የተመታው ሌላ፣ ራሱን የሚያመው ሌላ» አሉ አቶ ሀይሉ፤ ሳቁ፤ ግን ማንም አልተከተላቸውም። ዳቦውን ቆረሱ። «ምሳ እዚሁ ነው፤ ሃምሳ አለቃን ጠርቻለሁ። ከምሳ በኋላ እንደውላለን። አንተ ትናንት ብትኖር ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ። ያልነበረ ሰው እንግዲህ የነበረውን ማመን ነው።»

«የነበራችሁት ሁለት ናችሁ፣ ጋሼ።»

«አንዱ ደግሞ አጎትህ ነው» አሉና ዳቦውን ጎረሱ።

የጠዋት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረው ወደ ፍቅረ ሥላሴ ቤት ወረደ። ጉሙ ገና ከመንገዱ አልተነሣም። የሊማሊሞን ዳገት ጨርሰው የወጡ ከባድ መኪኖች በዋናው መንገድ ዳር ተደርድረው ጎማቸው ይጨሳል፤ ሾፌሮቹ መንገዱ እስከ ጎንደር ክፍት መሆን አለመሆኑን እየተጠያየቁ ሻይ ይጠጣሉ። አንዱ ክፍት ነው ይላል፣ አንዱ ከዳባት በታች ቆሟል ይላል። ይታያል ይህንንም ጆሮው ውስጥ ይዞ ሄደ።

የፍቅረ ሥላሴ አባት የመሪጌታ ተክለ ማርያም ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ናት፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለበጠ። ፍቅረ ሥላሴ ከሥሩ የማትታይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሽሮ በእንጀራ ይበላል። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሲቆም በሩን አጎንብሶ ነው የሚወጣው። ዲያቆን ነው። አፍንጫው የደማ ሰው መቅደስ ስለማይገባ፣ ቦክስ የጀመረ ቀን አባቱ «ደምተህ የመጣህ ዕለት አትቀድስም» ብለውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ትልቅ ፊቱን ከቡጢ ማራቅ እንዲህ ተማረ፤ ለሁለት ዓመት ጠብታ ደም አላሳየም። ይታያል የስልኩን መብራት አብርቶ ዓይኑን አየ፤ ብሌኖቹ እኩል ናቸው። አገጩን ነካ ሲያደርገው ልጁ ፊቱን ሸሸ አደረገ።

«ያምሃል?»

«ትንሽ። ቡጢው ይሁን ወለሉ አላውቅም፣ መምህር።»

«ምን ትዝ ይልሃል?»

«ደወሉ። ከደወሉ በኋላ የሃምሳ አለቃ ጫማ።»

«በመካከል?»

ራሱን ነቀነቀ። ከሚበላው ላይ እጁን አነሣ። «የሚገርመው ሃምሳ አለቃ ስኳር በውኃ በጥብጠው አፌ ውስጥ ሲያፈስሱት ነው የነቃሁት። ዛሬ ቀዳሽ ነኝ አልኳቸው። ግን ውጬው ነበር።»

ይታያል የስልኩን መብራት ሳያጠፋ ቆየ። የነነዌ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው፤ ቀዳሽ ደግሞ እስከዚያ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ግጥሚያው የተደረገው በአምስት ሰዓት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነበር ያልበላኸው?»

ከውስጠኛው ክፍል የመሪጌታ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ነዋ። ቀዳሽ ምን ይበላል?»

«ለምን አልተናገርክም? ጾም ላይ ነኝ፣ በቀጠሮው ሐሙስ ይሁን ብትል ማን እንቢ ይልሃል?»

«ሐሙስ ነበር እኮ» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ማክሰኞ ሲመሽ ነው ጋሽ ሀይሉ ወደ ረቡዕ ዞሯል፣ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል ያሉኝ። እኔስ ምን ልበል? ጾም ይነገራል እንዴ፣ መምህር? ጾሜያለሁ እያለ የሚያውጅ ሰው ምን ጾመ?»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ይታያል እኚህን አባት ያውቃቸዋል። ልጃቸው ቦክስ ሲጀምር አልከለከሉም፣ አልፈቀዱም። ዘንድሮን ብቻ ሰጡት። ዘንድሮ ከጎንደር የሚፈልገው ክለብ ካልተገኘ፣ ለዐቢይ ጾም ቅኔ ሊቆጥር ጎጃም ይሄዳል፤ ስንቁም መምህሩም ተነግሮ አልቋል። ልጁ ራሱን እንደሚያመው፣ ግን ከጾሙ ሊሆን እንደሚችል፣ ጤና ጣቢያም ነርሷ ግፊቱን ለክታ «ደክሞታል፣ ይብላ» ብቻ እንዳለችው ነገረው። ከዚያ በሩ ድረስ ሸኘውና ጎንበስ ብሎ፣ አባቱ እንዳይሰሙ፣ «ጎንደር እሄዳለሁ አይደል?» አለው።

ይታያል «እናያለን» አለ። ኮሌጅ ሳለ አንድ መምህሩ፣ የተመታ ራስ ሳይድን ሁለተኛ ሲመታ ምን እንደሚሆን ያስተማሩት ቀን ትዝ አለው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። አጎቱ ክፉ ሠርተው እንደሆነ መፍረድ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ልጅ በእርግጥ ተመትቶ ከነበረና ራሱን ስቶ ነው ተብሎ ቢላክ ደግሞ ሌላ ነገር። ዳገቱን ሲወጣ ሁለቱን ለመለያየት ሞከረ፤ አልተለያዩለትም።

ሳሎኑ ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕልና ከባንክ የተሰጠ ካሌንደር መካከል የመሐመድ አሊ ፎቶ ተሰቅሏል። ሶፋዎቹ በዳንቴል ተሸፍነዋል፤ ቴሌቪዥኑ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተላጠም። ሃምሳ አለቃ መልከ ጼዴቅ ከፎቶው ፊት ለፊት ተቀመጡ። በቀድሞው ሠራዊት ለክፍለ ጦራቸው የተጋጠሙ ሰው ናቸው፤ አፍንጫቸው ወደ አንድ ጎን ሄዶ በዚያው ቀርቷል። አቶ ሀይሉ ከምሥጋናው በር ላይ ቆመው «ና ብላ፣ እንግዳ አለ» ብለው ተጣሩ፤ ልጁ መጥቶ እጁን ሳያጸዳ ሊቀመጥ ሲል እናቱ ውኃ አስታጠቡት። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ አባቱን በቁመት የሚበልጥ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን ወንበሩ ጠርዝ ላይ እንደ ባዕድ ተቀመጠ። ትሪው ቀረበ። እንግዳ እየበላ ጉዳይ አይነሣም፤ ስለዚህ ስለ ልጆቹ ማንም ምንም አላለም። ዓለም ላይ ስለነበሩት ከባድ ሚዛኖች ግን ማውራት አይከለከልም።

«መቼም» አሉ አቶ ሀይሉ ወደ ፎቶው እያመለከቱ፣ «ከዚህ ሰውዬ በላይ እናት አልወለደችም።»

«ጀመርክ ደግሞ። ከማርሲያኖ ፊት የሚቆም የለም። አርባ ዘጠኝ ገጠመ፣ አርባ ዘጠኝ አሸነፈ። የቀረው ሁሉ ቢያንስ አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ከሪንግ ወርዷል።»

«ማንን አሸንፎ? ያረጀውን ጆ ሉዊስን! አንቱ፣ ሽማግሌ መምታት ነው ጀግንነት?»

«ተጠንቀቅ፣ ሽማግሌ ቤትህ ተቀምጧል» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ሁሉም ትንሽ ሳቁ።

«ጆ ሉዊስን ካነሡ፣ ቀበቶውን ሃያ አምስት ጊዜ ያስጠበቀ ሰው እሱ ነው። ዛሬ ሦስቴ ያስጠበቀ ንጉሥ ይባላል።»

«ታዲያ አንደኛ አድርገዋ።»

«አላደርግም። አሊ ነው። ፍሬዘር በመጨረሻው ዙር ጣለው፤ ተሸነፈ። ሰው አለቀለት አለ። ተመለሰና ኪንሻሳ ላይ ያንን ፎርማንን ዘረረው። ሰው የሚለካው በመውደቁ አይደለም…» ጉርሻው ከአፋቸው ሳይደርስ እጃቸው ቆመ።

ሃምሳ አለቃ ማኘካቸውን አቆሙ። «ጨርሳት እስቲ።»

«ምኗን?»

«በመውደቁ አይደለም ያልከውን።»

«መውደቅና መውደቅ ይለያያል» አሉ አቶ ሀይሉ፤ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሱት። «አሊ ተነሥቷል። ተዘርግቶ የቀረ ሌላ ነው።»

«እስከ ስንት ተቆጥሮ?»

«ዳኛው አንቱ ነበሩ! ለምን አልቆጠሩም?»

«ለታመመ ይቆጠራል? ለታመመ ውኃ ነው የሚሰጠው።»

እትዬ ስመኝ ወጥ ሊጨምሩ መጥተው ጭልፋውን ይዘው ቆሙ። የእንግዳ ሥርዓት መልሶ ያዛቸውና ሁለቱም ዝቅ አሉ። ምሥጋናው እንጀራውን እያጣቀሰ ሳይጎርስ ይቆያል፤ ከውጭ አንድ መኪና ማርሽ ሲቀይር ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ። አቶ ሀይሉ በተለሳለሰ ድምፅ ቀጠሉ።

«እሺ፣ በእርስዎ መንገድ እንሂድ። ያልተሸነፈ ይበልጣል፣ አይደል? አንድ ጊዜም የወደቀ ዋጋ የለውም። ደግ። ማርሲያኖ አንደኛ ይሁን፤ እኔም ተቀበልኩ።»

«ማርሲያኖም ወድቋል» አሉ ሃምሳ አለቃ በችኮላ። «ከዎልኮት ጋር በመጀመሪያው ዙር ቁጭ ብሏል። ተነሥቶ አሸነፈ። መውደቅ ማንንም አያሳንስም፣ የወደቀበት ምክንያት ነው የሚታየው።»

«ኧረ! አሁን እኮ የአሊን ነገር ነው የሚያወሩት!»

«አንተስ ማርሲያኖን ከመቼ ወዲህ ወደድከው?»

ይታያል አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ምሳ ላይ የዕድሜ ልክ ጀግኖቻቸውን ተለዋውጠው ልብ አላሉም። ሊያስቀው ይገባ ነበር። ግን በዚህ ሰዓት ሁለቱም ከጀግና ይልቅ ልጅ ነው የያዙት፤ አንዱ የወለደውን፣ ሌላው ያሠለጠነውን።

«መምህሩ ዝም አለ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «አንተ የተማርክ ነህ። ማንን አንደኛ ታደርጋለህ?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ምን እየተጠየቀ እንደሆነ ያውቃል።

«ከባድ ነው» አለ። «ፎርማን ፍሬዘርን ስድስት ጊዜ ጥሎታል። ፍሬዘር አሊን አሸንፏል። አሊ ፎርማንን ዘርሯል። ማን ማንን መታ እያልን ከሄድን ክብ ነው የምንዞረው። የተጋጠሙበትን ቀን ማየት አለብን። ፍሬዘር አሊን ሲያሸንፈው አሊ ከዓመታት እገዳ ከተመለሰ ገና ወራት ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።»

«የቀን ነገር ምን አመጣው?» አሉ አቶ ሀይሉ። ድምፃቸው ቀጠነ።

«ደረጃ ለማውጣት፣ ጋሼ።»

«ቦክሰኛ በተጠራበት ቀን ይቀርባል! ደረሰብኝ፣ ቀኑ አልተመቸኝም ብሎ ነገር የለም። ታይሰንም ቶኪዮ ላይ ተዘርሮ አልተዘጋጀሁም ነበር ቢል ማን ሰማው?»

እትዬ ስመኝ ከበሩ አጠገብ እንደቆሙ ነበሩ። ወንዶች ስለ ቦክስ ሲያወሩ ገብተው አያውቁም። «እኔ ይህን ነገር አላውቅም» አሉ፤ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞረው። «አንድ ነገር ልጠይቅ። እነዚህ ፈረንጆች ከመጋጠማቸው በፊት ይበላሉ?»

«ይበላሉ እንጂ! እኛ እንኳ በጦሩ…»

«ሁለቱም?»

አቶ ሀይሉ «ስመኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ትናንት በዚህ ቤት በነነዌ እንቁላል ተጠብሷል» አሉ እትዬ ስመኝ። ጭልፋውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «የበላው ልጄ ነው፣ የጠበስኩት እኔ ነኝ። ጾምን መፍታት ለጤና ነው፣ ለስፖርት ነው አሉኝ፤ እሺ አልኩ። የመሪጌታ ልጅ ቀዳሽ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው ነበር። ሽታው ከቤት አልወጣ ብሎኛል።»

አቶ ሀይሉ ሚስታቸውን አላዩም። ትሪውን አዩ። «መንገዱ ይዘጋል ተብሏል» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ባለፈው ወር ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ቆሞ ነበር፤ ውሸት ነው? ሐሙስ ብለን ስንዘገይ የተመረጠው ልጅ ጎንደር ሳይደርስ ቢቀር ኃላፊነቱ የማን ነበር?» ትንሽ ቆዩ። «ደግሞስ ቢሆን። በራሴ መጋዘን፣ በራሴ ጓንት፣ ልጄ ሲሸነፍ ሁለት ጊዜ ደወል መታሁ። አንድ ቀን ሲያሸንፍ ማየት ኃጢአት ነው?»

ይታያል አዘነላቸው፤ መንገዱን በተመለከተም ሙሉ በሙሉ አልዋሹም፤ የሾፌሮቹን ወሬ ጠዋት በጆሮው ሰምቷል። ሃምሳ አለቃ ግን በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መቱ። «አበቃ! ልጁ በረኃብ ነው የወደቀው። ነገሩ ተፈታ፤ ስልኩን አምጣ።»

«አልተፈታም» አለ ይታያል። «ረኃብ ቡጢን አይመልስም። የራበው ሰውም ይመታል።» ወደ ምሥጋናው ዞረ። ከትናንት ጀምሮ አንድም ሰው ይህን ልጅ እንዳልጠየቀው አሁን ገና ገባው። ሁለት ሽማግሌ በዓይናቸው ያዩትን ሲምሉ፣ እጁ ቃል ያለው ሰው በር ዘግቶ ተኝቶ ነበር። «አንተ ንገረኝ። እጅህ ምን አገኘ?»

«አትመልስ ያለህ የለም፤ ተናገር» አሉ አባቱ። ልመናም ትእዛዝም ነበረበት።

ምሥጋናው ቀኝ እጁን ትሪው ጎን ላይ አኖረው። ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። «አግኝቼዋለሁ» አለ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ሀይሉ።

«እየወደቀ ሳለ ነው ያገኘሁት።» ድምፁ ሻካራ ነበር። «እጄን ሰነዘርኩ፤ በመካከል ዓይኑ ነጭ ሲሆን አየሁት። ጉልበቱ ሲታጠፍ አየሁ። እጄ ግን ሄዳለች፣ መመለስ አልቻልኩም። አገጩ ወደ እጄ መጣ። እንዲህ ለስልሶ የሚገባ ቡጢ መትቼ አላውቅም። ማንም የለበትም ነበር።»

ከግራ የቆመው መውደቁን አይቷል፤ ከቀኝ የቆመው መመታቱን አይቷል። ማንም አልዋሸም። አቶ ሀይሉ «ተመቷል ማለት ነው» አሉ፤ ሃምሳ አለቃ «ራሱን ስቶ የነበረን ሰው!» አሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ሦስተኛውን ሰው አዩ።

ይታያል እጁን ታጠበ። ቢዘገይ ይሻለው ነበር፤ ውኃው ግን አለቀ። ራሱን ስቶ ነው ቢል ፍትሕ ነው፤ ነነዌን የጾመ ልጅ በጾሙ አይቀጣም፤ እሱም ነገ መሪጌታን ቀና ብሎ ያያቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያ ልጅ ጎንደር ላይ፣ ማንም በሌለበት ሰዓት የተመታ፣ አሁንም ትንሽ የሚያመው ራሱን ይዞ፣ ከማያውቁት ልጆች ፊት ይቆማል። ዝረራ ነው ቢል ደግሞ የአጎቱ ተንኮል ተሳካ፣ እሱም የበላበትን ቤት አገለገለ ይባላል። ፍቅረ ሥላሴም ጎጃም ይወርዳል። የተሻለ መልስ ፈለገ፤ ሳሎኑ ውስጥ አልነበረም።

«ዝረራ ነው የምለው» አለ።

ሃምሳ አለቃ ተነሡ። «አየህ! አየህ፣ የአጎትህ እንጀራ!» «ፍርድ ያለ መስሎኝ ነበር።»

«ፍርዱ ስለ ጋሼ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር የምለው። ይህ ስለ ልጁ ራስ ነው። ከመውደቁ በፊት ራሱን መሳቱ ቡጢውን አያቀለውም፤ ያከብደዋል። አንገቱ እንኳ አልያዘውም። ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ከጓዶችዎ መካከል በማግስቱ ገጥሞ ያልተመለሰ አያውቁም?»

ያ ጠማማ አፍንጫቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይተው ተቀመጡ፤ እንደ ተቀመጡም በጣም ያረጁ መሰሉ። «አንድ አውቃለሁ» አሉ። ስሙን አልጠሩትም።

«መሪጌታ ዘንድ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አለ ይታያል። «ልጃቸው በረኃቡ ላይ እንደተመታ፣ ቀኑን ማን እንዳዛወረውና ለምን እንደማይሄድ እነግራቸዋለሁ። ጋሼ፣ ይህንን ስናገር እርስዎም አብረውኝ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ባይሆኑም እናገራለሁ።»

አቶ ሀይሉ ያገኙትን ነገር በእጃቸው ይዘው ክብደቱን የሚመዝኑ ይመስሉ ነበር፤ ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበራቸውም። ቢሆንም ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና መነጽራቸውን አደረጉ፤ የጎንደሩን ሰው ቁጥር ፈልገው አገኙ። እትዬ ስመኝ ትሪውን ማንሣት ጀምረው ግማሽ ላይ ተዉት። ስልኩ ሲጠራ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከወዲያ «ሃሎ፣ ደባርቅ?» የሚል ድምፅ መጣ። አቶ ሀይሉ «አዎ፣ ከደባርቅ ነው። የከባድ ሚዛኑን ስም ላስመዘግብ ነበር» አሉ።

ምሥጋናው ተነሣ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን መታ። ከአባቱ በላይ ቁመቱ ታየ፤ ድምፁ ግን ጮክ ያለው ከወዲያ ያለው ሰው ጭምር እንዲሰማው ነበር።

«የእኔን ስም እንዳትጽፉ፤ እሱ ድኖ፣ ጠግቦ እስኪገጥመኝ ድረስ የትም አልሄድም።»